ለከድር ጀነሬተር አትግዛለት

ጥያቄው፦

«ጋሼ፣ ከደሴ ነው የምጽፍልዎ። 19 ዓመቴ ነው። ‹ሬዲ ፕሌየር ዋን› የሚለውን ልብ ወለድ በስልኬ ላይ በሁለት ሌሊት ጨረስኩት። ተከታዩን ‹ሬዲ ፕሌየር ቱ›ን ግን ወላሂ እየታገልኩ ነው ያነበብኩት። ችግሩ እንግሊዝኛዬ ነው? እድሜዬ ነው? ወይስ መጽሐፉ ራሱ? የምጠይቀው ዝም ብዬ አይደለም። እኔም ልብ አንጠልጣይ ታሪክ እየጻፍኩ ነው። ከድር የሚባል የቧንቧ ውሃ ሰፈር ልጅ፣ እህቱ ከሪያድ በላከችለት የቪአር መነጽር (ዓይን ሸፍኖ ሌላ ዓለም ውስጥ ያለህ የሚያስመስል) አንድ ጨዋታ ውስጥ ይገባል። ውስጥ እያለ መብራት ከጠፋ አንድ ትዝታው አብሮ ይጠፋል። ክፍል አንድን ጓደኞቼ በጣም ወደዱት። በክፍል ሁለት ከድር አሸንፎ የጨዋታው ባለቤት ይሆናል። ጀነሬተር ይገዛል። ሰባት አዳዲስ ከተሞች ይከፈቱለታል። አሁን ግን የእኔም እንደዚያኛው እንዳይሆን ፈራሁ። ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ አብሽር። እንግሊዝኛህም እድሜህም ጤነኛ ናቸው። የታመመው መጽሐፉ ነው። ሲወጣ ብዙ ሃያስያንም ያንኑ ብለዋል፤ ብቻህን አይደለህም።

እኔ የልብ ወለድ አርታኢ ነኝ። ኮምቦልቻ ቁጭ ብዬ የሰው ረቂቅ አነባለሁ፣ እሰርዛለሁ፣ እደልዛለሁ፣ ከደራሲው ጋር እጨቃጨቃለሁ። «ክፍል ሁለት» የሚል ረቂቅ ሲመጣልኝ ገና ሳልከፍተው ይጨንቀኛል። አብዛኞቹ ከእጅ አይሻል ዶማ ናቸው። ደራሲዎቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም። እንዲያውም ከመጀመሪያው የበለጠ ይደክማሉ። ግን ማደግ የሌለበትን ነገር ነው የሚያሳድጉት።

ሁለቱን መጻሕፍት ያላነበባችሁ ሌሎች አንባቢዎች እዚህ ላይ ቁሙ። ከዚህ በታች መጨረሻቸውን ጭምር አወራለሁ።

መጀመሪያ ቀኖቹን እናስቀምጥ። የኧርነስት ክላይን የመጀመሪያ መጽሐፍ፣ ‹ሬዲ ፕሌየር ዋን›፣ የወጣው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። በዓመቱ የአሌክስ ሽልማትን አገኘ። ይህ ሽልማት የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ለአዋቂ ተጽፈው ወጣቱንም ለሚይዙ መጻሕፍት የሚሰጡት ነው። ስቲቨን ስፒልበርግ በ2018 ፊልም አደረገው። ተከታዩ የወጣው በኖቬምበር 2020 ነው። በመሀል ዘጠኝ ዓመት አለ።

በነዚህ ዘጠኝ ዓመታት መነጽሩ ራሱ ከተረት ወደ ሸቀጥ ተለወጠ። በ2011 አንድ ሰው ሱቅ ሄዶ ገዝቶ፣ ቤቱ ገብቶ የሚያደርገው ረብ ያለው የቪአር መነጽር አልነበረም። ኦኩለስ ሪፍት የተባለው መነጽር ከሕዝብ ገንዘብ ያሰባሰበው በ2012 ነው። ፌስቡክ ኩባንያውን በ2014 በሁለት ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጠቀለለው። በ2016 መነጽሩ ለሸማች ቀረበ። ኩዌስት 2 የተባለው የዚያው ኩባንያ መነጽር በ299 ዶላር መሸጥ የጀመረው ደግሞ በኦክቶበር 2020 ነው። ልብ በል፣ ሁለተኛው መጽሐፍ ሊወጣ አንድ ወር ሲቀረው።

ስለዚህ «ልጁ መነጽር አድርጎ ሌላ ዓለም ገባ» ማለት ብቻውን ማንንም አላስደነቀም። ደራሲው ይህን ያወቀ ይመስላል። መነጽሩን ትቶ አንጎል ውስጥ ገባ። ኦኤንአይ የሚባል፣ ጭንቅላት ላይ ተደርጎ ሽታውንም፣ ጣዕሙንም፣ ሕመሙንም በቀጥታ ለአንጎል የሚያቀብል መሣሪያ አመጣ። የሌላ ሰው ሕይወት ተቀድቶ አንተ መልሰህ ልትኖረው ትችላለህ።

ብዙዎች መጽሐፉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም። መሣሪያው ጥሩ ነው። በቀን ከ12 ሰዓት በላይ ከተጠቀምክበት አንጎልህን ያበላሻል የሚል ሕግ አለው። ለልብ አንጠልጣይ ደራሲ እንዲህ ያለ ሕግ ሲሳይ ነው። የታሪኩ ሰው ሁልጊዜ ሰዓት እየቆጠረበት ይኖራል። ታዲያ ለምን አልያዘንም?

ወደ መጀመሪያው መጽሐፍ እንመለስና የታሪኩን ጀግና ዌድን በደንብ እንየው።

ዌድ የሚኖረው በኦክላሆማ ሲቲ ዳርቻ፣ ተጎታች ቤቶች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው በቆሙበት ሰፈር፣ አክስቱ ዘንድ ነው። የራሱ ክፍል የለውም። መደበቂያው በመኪና ቁርጥራጭ ክምር ውስጥ የተቀበረ አሮጌ ቫን ነው። መነጽሩና ጓንቱ የትምህርት ቤት ናቸው። ባትሪ የሚሞላው እዚያው ቫን ውስጥ የስፖርት ብስክሌት እየረገጠ ነው። ይቺን ብስክሌት ያዝልኝ፤ ለከድር እንፈልጋታለን።

ኦኤሲስ የሚባለው የቪአር ዓለም ፈጣሪ ሃሊደይ ሲሞት ቁልፎች ደብቆ፣ ፍለጋውን ላሸነፈ ሀብቱን ሁሉ ተናዟል። አሁን የመጀመሪያው ቁልፍ የት እንደተገኘ አስታውስ። ኦኤሲስ ውስጥ መግባት ነጻ ነው ማለት ይቻላል። ከፕላኔት ወደ ፕላኔት መሄድ ግን ገንዘብ ይጠይቃል። ዌድ ቤሳ ቤስቲን የለውም። የትምህርት ቤቶቹ ፕላኔት ሉደስ ላይ ተተክሎ ቀርቷል። ብር ያላቸው አዳኞች በመርከብ፣ ኦኤሲስን ሊጠቀልል የሚፈልገው ግዙፍ ድርጅት ቅጥረኞች በሠራዊት፣ አምስት ዓመት ሙሉ ሰማዩን ሲያስሱ ቁልፉ የተደበቀው እዚያው ሉደስ ላይ ነው። ደሃ ተማሪ በእግሩ ሊደርስበት የሚችል ቦታ!

ይህን ሳነብ ደራሲውን አደነቅኩት። ድህነቱን አንጀታችንን ሊበላ ብሎ አላመጣውም። ሥራ ሰጥቶታል። በሩን የሚከፍተው ድህነቱ ነው። ድርጅቱ ሰፈሩን በፈንጂ ሲያፈርስ ዌድ ለምን ተረፈ? ቤት ውስጥ ስላልነበረ። ለምን ቤት ውስጥ አልነበረም? የራሱ ክፍል ስለሌለውና ቫኑ ውስጥ ስለሚያድር። ደራሲው ከልጁ ላይ የነፈገው እያንዳንዱ ነገር ተመልሶ የታሪኩ ሞተር ሆኗል።

ሁለተኛው መጽሐፍ ሲከፈት ዌድ የዓለም ቱጃሮች ተርታ ገብቷል። የጨዋታው ፈጣሪ የሃሊደይ መኖሪያ ቤት የእሱ ሆኗል። በጨዋታው ውስጥ ሁሉን የሚያስችል ካባ አለው። የተቹትን ተጫዋቾች እያደነ ከጨዋታው ያጠፋል። እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን፤ ደራሲው ይህን የጻፈው አውቆ ነው። ዌድን ትንሽ እንድንጠላው ይፈልጋል። ያቺ ፍቅረኛው ሳማንታም መሣሪያውን ተቃውማ ትለየዋለች። በቃ፣ እዚህ ውስጥ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ነበር። የድሃው ልጅ ራሱ ድርጅት ሲሆን! እኔ ብሆን 400 ገጽ ሙሉ እዚያው እቆይ ነበር። ደራሲው ግን ብልጭ አድርጎ አሳየንና ወደ አዲስ ፍለጋ ሮጠ።

ፍለጋው ደግሞ ሰባት ስብርባሪ መሰብሰብ ነው። የሃሊደይ አእምሮ ቅጂ የሆነው አኖራክ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ተጠቃሚዎችን መሣሪያው ውስጥ አግቶ ይይዛል። ዌድ 12 ሰዓት ሳይሞላ ስብርባሪዎቹን ማምጣት አለበት። ወረቀት ላይ ሲታይ ከመጀመሪያው ይከብዳል አይደል? ሲነበብ ግን ቀላል ነው። በየፕላኔቱ እንቆቅልሹ የሚፈታው በአብዛኛው አንዱ ጓደኛው ድሮውኑ በልቡ በሚያውቀው ፊልም ወይም ዘፈን ነው። ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ጓደኛው ያውቀዋል፣ ያልፋሉ። ደግሞ ይቆጥራል፣ ደግሞ ያውቁታል፣ ደግሞ ያልፋሉ። አንተን ያታገለህ ይህ ነው። ስለ አንድ የሙዚቃ ሰው ሙሉ ፕላኔት ሲተረክልህ እንግሊዝኛው አልከበደህም፤ የሚያስፈራህ ነገር ስላልነበረ ዓይንህ ተንሸራተተ።

አሁን ስለ ሞት። በቪአር ታሪክ ውስጥ ትልቁ ጉዳይ እሱ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ጨዋታ ውስጥ የሞተ ሰው ይነሳል። አንባቢው ይህን ገና ሳይጀምር ያውቃል። ስለዚህ እዚያ ውስጥ ሺህ ጊዜ ቢገደሉ ማንም አይደነግጥም። የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህን እንዴት እንደፈታው ተመልከት። ዳይቶ የሚባለው ጃፓናዊ ልጅ የሚሞተው ጨዋታው ውስጥ አይደለም። መነጽሩን እንዳደረገ የድርጅቱ ሰዎች ቤቱ ድረስ ገብተው ከፎቅ ይወረውሩታል። ከዚያም ራሱን እንዳጠፋ ተደርጎ ይወራል። ጓደኛው ሾቶ መጥቶ ለዌድ ሲነግረው እኔ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀምጫለሁ። ከዚያ ገጽ በኋላ መነጽር ያደረገ ሰው በታየ ቁጥር የቤቱን በር ታስባለህ። ዓይኑ ተሸፍኗል፣ ጆሮው ተሸፍኗል፣ በሩ ደግሞ ከኋላው ነው።

«ዌድስ ጨዋታው ውስጥ ሞቶ አልተነሳም እንዴ?» ትለኝ ይሆናል። ተነስቷል። ግን በምን? በአንዲት ሳንቲም። ሳንቲሟን ያገኘው ፓክማን የተባለውን አሮጌ የቪዲዮ ጨዋታ አንዴም ሳይሳሳት እስከ መጨረሻው ተጫውቶ ነው። የፓክማን ጣሪያ 3,333,360 ነጥብ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ሰዓታት ይፈጃል። ሲያገኛት ምን እንደምትጠቅም እሱም እኛም አናውቅም። አንዴ አዳነችው፣ አለቀች። ዋጋዋ አስቀድሞ የተከፈለ ነው።

ሁለተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ግን ሞትን የሚሽር በትር ይመጣል። መሣሪያውን ያደረገ ሰው ሁሉ አእምሮው ተቀድቶ ተቀምጧል፣ የሞተውም በቅጂው ሊመለስ ይችላል። ለፍልስፍና ጥሩ ጥያቄ ነው። ለልብ አንጠልጣይ ግን ራስን መርዝ ማጠጣት ነው። አንባቢ ወደ ኋላ ዞሮ «ታዲያ እስካሁን ምን አስጨነቀኝ?» ይላል።

በነገራችን ላይ ይህ የአንድ ደራሲ ችግር ብቻ አይደለም። የጄምስ ዳሽነር «ዘ አይ ኦፍ ማይንድስ» በ2013 ወጣ፣ ተከታዩ «ዘ ሩል ኦፍ ቶውትስ» በ2014። የመጀመሪያው ኃይሉን ሁሉ የጣለው መጨረሻ ገጾቹ ላይ ባለ አንድ ምስጢር ላይ ነው። ምስጢሩ ከተፈታ በኋላ ሁለተኛው ሩጫና መደበቅ ብቻ ሆኖ ቀዘቀዘብኝ። የአንተ ታሪክ ይህ ችግር ስለሌለበት አላራዝመውም።

ወደ ከድር እንምጣ።

ክፍል አንድ ያለህ ሕግ ድንቅ ነው። መብራት ሲጠፋ ትዝታ ይጠፋል። ይህን አሜሪካዊ ደራሲ አያስበውም። ደሴ ያደገ ሰው ብቻ ነው «መብራት መጣ!» የሚለው የልጆች ጩኸት ከየግቢው ሲሰማ ምን እንደሚሰማ የሚያውቀው። ዌድ ብስክሌት ረገጠ፤ ከድር ደግሞ አምፖሉን ቀና ብሎ እያየ ይጫወታል። ሁለቱም ኤሌክትሪክ ይርባቸዋል። አንተ ግን በክፍል ሁለት ምን አደረግክ? ጀነሬተር ገዛህለት! ክፍል አንድን ያቆመውን ምሰሶ በገዛ እጅህ ነቀልከው። ጀነሬተር ያለው ከድር ካባ የለበሰው ዌድ ነው።

ጀነሬተሩን ሰርዘው። የግድ ከፈለግከው ደግሞ ቤንዚን አሳጣው።

እግረ መንገዴን አንድ የቴክኒክ ነገር ላርምህ፤ ታሪክህንም ይጠቅማል። እህቱ የላከችለት እንደ ኩዌስት ያለ መነጽር ከሆነ የራሱ ባትሪ አለው። ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይይዛል። የቤቱ መብራት ሲጠፋ መነጽሩ አይጠፋም። የሚሞተው ዋይፋዩ ነው። ጨዋታው ኦንላይን ከሆነ መጀመሪያ ሌሎቹ ተጫዋቾች ባሉበት ደርቀው ይቀራሉ። አንዱ አፉን እንደከፈተ፣ አንዱ እጁን እንዳነሳ። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ግንኙነቱ ይበጠሳል። አየኸው? ከጨለማ ይልቅ ይህ ያስፈራል። ከድር መብራት መጥፋቱን የሚያውቀው ጓደኛው በዓረፍተ ነገር መሀል ሲደርቅ ነው። ያቺን ጥቂት ሰከንድ ለአንድ ሙሉ ገጽ ዘርጋት። ትዝታው የሚወጣው በዚያች መሀል ነው።

ከዚያ ከድር ከስልኩ ሆትስፖት ሊከፍት ይችላል። ጥሩ፣ ይክፈት። ጥቅሉ ሊያልቅ ነው የሚል መልእክት ይምጣበት። ስልኩ ይንቀጠቀጣል፣ እሱ ግን ዓይኑ ስለተሸፈነ አያነበውም።

ሁለተኛ፣ ሰውነቱን አትርሳ። ክፍል ሁለት የሚጽፉ ሁሉ መጀመሪያ የሚረሱት ሰውነትን ነው። ዓለሙን ሲያሰፉ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ልጅ ይተዉታል። ደሴ ውስጥ በጠዋት ቀዝቃዛ መነጽር ሞቃት ፊት ላይ ስታደርግ መስታወቱ ወዲያው ጉም ይለብሳል። ኮምቦልቻ ደግሞ ግንባር ላይ ያለው ስፖንጅ በላብ ይርሳል፤ ሌላ ሰው ተቀብሎ ሊያደርገው ሲል ፊቱን ያጨማድዳል። በአፍንጫ በኩል ትንሽ ክፍተት ይቀራል። በዚያ ክፍተት የገዛ እግርህንና ምንጣፉን ታያለህ። ለአስፈሪ ትዕይንት ከዚህ የበለጠ ምን ትፈልጋለህ? ከድር ጨዋታው ውስጥ ቤተ መንግሥት ላይ ቆሞ፣ በአፍንጫው ስር የማያውቀው ሰው ጫማ ምንጣፋቸው ላይ ያያል።

ማቅለሽለሹንም ጻፈው። የሀረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በሚኒባስ ስትወርድ አቀርቅረህ ስልክ ካነበብክ የሚሆነውን ታውቃለህ። ጆሮህ ውስጥ ያለው ሚዛን ጠባቂ «እየተጠማዘዝን ነው» ይላል፤ ዓይንህ ግን የቆመ ጽሑፍ ያያል። አንጎል ሁለት የተጣላ ወሬ ሲደርሰው ሆድን ያውካል። መነጽር ውስጥ ተገላቢጦሽ ነው። ዓይን «እየበረርን ነው» ሲል ጆሮ «ወንበር ላይ ነን» ይላል። ሠሪዎቹ ምስሉን በሰከንድ 90 ጊዜ ያህል ለማደስ የሚለፉት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጭንቅላትህን አዙረህ ምስሉ ትንሽ ከዘገየ ሆድህ ይነግርሃል። ከድር ባለቤት ሆኖም ቢሆን ያቅልሸልሸው። ያ ሥልጣን የማያድነው ነገር ነው።

(ይህ መሣሪያ ከጥንቱም ለጸሐፊ የተሠራ ይመስለኛል። ኢቫን ሳዘርላንድ በ1968 የሠራው ራስ ላይ የሚደረግ ማሳያ ከክብደቱ የተነሳ ከጣሪያ ነበር የሚንጠለጠለው። በአንዲት ፀጉር ከሰው ራስ በላይ በተንጠለጠለው የጥንት ተረት ሰይፍ ስም፣ የዳሞክልስ ሰይፍ አሉት። ርዕስ ቢፈልጉ እንኳ እንዲህ አይገጥምም።)

ሦስተኛው ዋናው ነው፤ ለእሱ ስል ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት።

ክፍል ሁለት ክፍል አንድ የሌለው አንድ ሀብት አለው። አንባቢው ያስታውሳል። በአንተ ታሪክ ደግሞ ጀግናው ይረሳል። እስቲ ሁለቱን አገናኛቸው። የረሳ ሰው የረሳውን አያውቅም። ከድር የጠፋበትን ነገር ቆጥሮ ሊያዝን አይችልም፤ ለእሱ ከመጀመሪያውም አልነበረም። ክፍል አንድን ያነበበው ጓደኛህ ግን ሁሉንም ያውቃል። ከድርን ከራሱ በላይ ያውቀዋል። ያንን እውቀት አስጨንቀው።

ለምሳሌ እንዲህ። ክፍል ሁለት በጠዋት ይከፈት። እናት ቡና እያፈሉ ነው። ስልኩ በኢሞ ይጠራል። ከድር ያነሳዋል። አንዲት ሴት ከዚያ ወዲያ «ከድርዬ፣ መነጽሩ እንዴት ነው? ይሠራል?» ትላለች። ከድር በትህትና፣ ለእንግዳ እንደሚመለሰው፣ «አቤት፣ ማን ልበል?» ይላል።

በቃ። ሌላ ምንም አትጨምር። እናቱ ረከቦቱ ላይ እጃቸው ይቁም። እሷ እየቀለደ መስሏት ትሳቅ። አንባቢው ግን ይህች ልጅ ሪያድ ውስጥ የሰው ቤት ስትሠራ ባጠራቀመችው ብር መነጽሩን እንደገዛች በክፍል አንድ አንብቧል። መጨረሻ የጠፋው ትዝታ እሷ እንደሆነች አሁን ገባው። ሰባት ከተማ ብትከፍትለት ይህን ያህል አይደነግጥም።

ይህን ክፍል አንድ ውስጥ መጻፍ አትችልም ነበር። አንባቢው መጀመሪያ ዘይነብን፣ ወይም ስሟን ማን እንዳልካት እንጃ፣ እህቱን ማወቅና መውደድ ነበረበት። ይህ የክፍል ሁለት ብቻ ድርሻ ነው። ሬዲ ፕሌየር ቱ እንዲህ ያለ ዕድል በእጁ ነበረው። ዌድ ያንን ቫን፣ ያንን ብስክሌት ረስቶት ነበር፤ እኛ ግን አልረሳነውም። ደራሲው ያንን ቢይዘው ኖሮ!

አሁን «ከድር ባለቤት ይሁን ወይስ አይሁን?» ለሚለው። ይሁን፣ አልከለክልህም። ነገር ግን ባለቤትነቱ እዳ ይዞ ይምጣ። አንድ ሐሳብ ልስጥህ፤ ካልጣመህ ጣለው። የጠፉት ትዝታዎች አልጠፉም እንበል። ጨዋታው ውስጥ ተቀምጠዋል። ባለቤቱ የራሱን ማስመለስ ይችላል፤ ግን አንዱ ትዝታ የሚመለሰው ሌላ ተጫዋች አንድ ሲጠፋበት ብቻ ነው። ከድር የደሴ ልጅ ነው። መብራቱ በፈረቃ ከሆነ የትኛው ሰፈር መቼ እንደሚጠፋ ያውቃል። ዛሬ ማታ ሆጤ ነው፣ ነገ ፒያሳ። ሆጤ ያሉት ልጆች አሁን መነጽራቸውን አድርገዋል። አብረውት ኳስ የተጫወቱ ልጆች ናቸው። ከድር ማስጠንቀቅ ይችላል። ዝም ካለ ደግሞ እህቱን ያስታውሳታል።

እዚህ ላይ የዓለም መጥፋት አያስፈልግህም። አኖራክ በመቶ ሚሊዮን ያግታል፣ እኛ ግን አንዱንም አናውቀውም። አንተ ሆጤ ያሉ አራት ልጆች ይበቁሃል፤ በስም የምናውቃቸው፣ በክፍል አንድ ከድርን ዳቦ ያካፈሉት።

ሰባቱን ከተሞችም ስድስቱን ሰርዝ። እውነተኛዋን ደሴ ተውለት። ጨዋታው ውስጥ ያለችውም እሷ ትሁን፤ ጦሳ ተራራ ከላይ፣ ጉሙ ከታች። አንድ ስህተት ብቻ ይኑርባት። የከድር ቤት ባለበት ቦታ ባዶ ሜዳ ይሁን። ለምን እንደሆነ እስከ ምዕራፍ አምስት አትንገረን።

አንድ የማስጠነቅቅህ ነገር ደግሞ አለ። ጓደኞችህ ክፍል አንድን ወደዱት ብለሃል። መውደዳቸው ደስ ይላል፣ ግን ሁለተኛውን እነሱ የሚጠይቁህን ብቻ አትጻፍ። አንባቢ «ቀጥሎ ምን ሆነ?» ሲል የሚለምንህ የወደደውን መልሰህ እንድትሰጠው ነው። ጀግናው እንዲያሸንፍ፣ እንዲበለጽግ፣ እንዲያገባ ይፈልጋል። ብትሰጠው ያመሰግንህና በ30ኛው ገጽ ላይ ይተኛል። እኛም አገር «ዴርቶጋዳ» በ«ራማቶሓራ» ሲቀጥል ወጣቱ ያደረገውን ክርክር ያየ ሰው አንባቢ ለክፍል ሁለት ምን ያህል ግምት ይዞ እንደሚቀርብ ያውቃል። ግምቱን ስማው፣ ግን ብዕሩን አትስጠው።

የሥራ ቅደም ተከተል ከጠየቅከኝ፣ ከጠረጴዛህ ተነስተህ ክፍል አንድን አንድ ጊዜ አንብበው። እስክሪብቶ ይዘህ። ከድር የሌለውን ነገር ሁሉ በአንድ ወረቀት ጻፍ፤ የራሱ ክፍል፣ ዋይፋይ፣ አባት፣ ምን ያህል ብር፣ የማን ፈቃድ። ከዚያ ለክፍል ሁለት ካሰብከው እቅድ ጋር አስተያየው። እቅድህ ከወረቀቱ ላይ አንዱን ነገር ከሰጠው፣ ያ ነገር ሲመጣ ከድር ምን እንደሚነጠቅ ከጎኑ ጻፍ። ከጎኑ የምትጽፈው ካጣህ ስጦታውን አንሳው።

የኢሞውን ትዕይንት ጽፈህ ላክልኝ፤ ከሁለት ገጽ አይበልጥ። በፎቶ አንስተህ እንዳትልከው፣ ዓይኔ አይችልም። በዎርድ ጻፈው፣ መስመሩን ሰፋ አድርገው፤ በቀይ የምጽፍበት ቦታ እፈልጋለሁ።